የሃይማኖት ጉዳይ ስንዘግብ፦ ለሰሜን ሸዋ ጋዜጠኞች ዝርዝር መመሪያ

በሰሜን ሸዋ ሃይማኖትን ሳይነኩ ዜና መሥራት ከባድ ነው። መንገድ ሲመረቅ ቄሱም ሼኩም ይመርቃሉ። ዝናብ ሲጠፋ ምህላ ይታወጃል፣ ዱዓ ይደረጋል። ስለ ሥጋና ቅቤ ዋጋ ለመጻፍ ገበያ ብትወጡ እንኳ ጾም መግባቱና መፈታቱ ዋጋውን ሲያወርደውና ሲሰቅለው ታያላችሁ። ስለዚህ «እኔ የሃይማኖት ዘጋቢ አይደለሁም» ማለት አያዋጣም።

ይህን የጻፍኩት በወረዳና በዞን ኮሙኒኬሽን ለሚሠሩ፣ በሬዲዮ ማይክ ለያዙ፣ የዩቲዩብ ቻናል ወይም የፌስቡክ ገጽ ከፍተው የአካባቢያቸውን ወሬ ለሚያደርሱ ወጣቶች ነው። አቋሜን ከፊት ላስቀምጥ። የጋዜጠኛ ሥራ የታመነውን፣ የተባለውንና የሆነውን ለይቶ ማቅረብ ነው። ሦስቱ ሲቀላቀሉ ሰው ይጎዳል። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ከዚህ የሚወጡ ናቸው።

1. መጀመሪያ የራሳችሁን ቦታ እወቁ

አብዛኞቻችን አማኞች ነን። አንገታችን ላይ ማተብ አለ፣ ዓርብ ጁምዓ እንሄዳለን፣ እሁድ ቸርች እንገባለን። ይህ ነውር የለውም። ችግር የሚመጣው እምነታችን መጠየቅ ያለብንን ሲያስተወን ነው። ከቢሮ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህ ነገር በሌላው እምነት ተቋም ቢፈጸም ኖሮ ይህንኑ ጥያቄ እጠይቅ ነበር? ይህንኑ ርዕስ እሰጠው ነበር? መልሱ «አይ» ከሆነ ጥያቄውን እንደገና ጻፉ።

«አባ ጋ ስሄድ መስቀል ልሳለም ወይስ ይቅርብኝ?» እያለ የሚጨነቅ ወጣት ብዙ ነው። በእኔ በኩል አማኝ ከሆናችሁ ተሳለሙ። ካልሆናችሁ ጎንበስ ብላችሁ «እንደምን አደሩ አባታችን» ማለት ይበቃል፤ ማንም አይቀየምም። ካሜራው ሲበራ ግን ሥራ ላይ ናችሁ። መስቀል ስለተሳለማችሁ ብቻ ስለ ደብሩ ገቢና ወጪ መጠየቅ ካፈራችሁ ዘገባውን ለባልደረባ ስጡ። ጉዳዩ የንስሐ አባታችሁን፣ ዘመዳችሁን ወይም የምታገለግሉበትን መዘምራን የሚነካ ከሆነም ለአርታኢያችሁ ተናግራችሁ ሌላ ሰው ይሥራው።

2. የታመነውን፣ የተባለውንና የሆነውን ለዩ

ለዚህ የደብረ ብርሃን ታሪክ ራሱ ጥሩ መማሪያ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከተማዋን የቆረቆሩት፣ ዜና መዋዕላቸው እንደሚለው፣ በሰማይ ብርሃን ታይቶ ነው። ይኸው ዜና መዋዕል ብርሃኑን የእግዚአብሔር ምልክት አድርጎ ይተርከዋል። የታየውም ደቂቀ እስጢፋኖስ (የአባ እስጢፋኖስ ተከታይ መነኮሳት) በድንጋይ ከተወገሩ በኋላ እንደሆነ ይናገራል። ደቂቀ እስጢፋኖስ ደግሞ የራሳቸው ገድል አላቸው። በእሱ ውስጥ እነሱ ሰማዕታት ናቸው፣ ንጉሡ አሳዳጅ። በእኛ ዘመን ያሉ ተመራማሪዎች ብርሃኑን በ1456 እ.ኤ.አ. ከታየችው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል።

ይህን ዛሬ ዘግቡት ብትባሉስ? «ብርሃን ከሰማይ ወረደ» ብላችሁ በራሳችሁ አፍ ከጻፋችሁ ምስክር ሆናችኋል። «ነገሩ ጅራታም ኮከብ ብቻ ነው» ብላችሁ ከዘጋችሁት በአማኙ ላይ ፈርዳችኋል። ዜና መዋዕሉ ይህን ይላል፣ ገድሉ ያንን ይላል፣ ተመራማሪዎች እንዲህ ይገምታሉ ብላችሁ ስትጽፉ ግን እያንዳንዱ ቃል ባለቤት ያገኛል። አንባቢው ራሱ ይመዝናል።

በተግባር ሦስት ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይኑራችሁ። ለእምነት «ምእመናን እንደሚያምኑት»። ለንግግር «የደብሩ አስተዳዳሪ እንዳሉት» ወይም «ኢማሙ እንደገለጹት»። ያለ ባለቤት የሚቆም ዓረፍተ ነገር ደግሞ ራሳችሁ ላያችሁትና ላረጋገጣችሁት ብቻ። «ተብሏል»ን እና «እንደሚነገረው»ን ተጠንቀቁ። ማን ነው ያለው? የሚናገረውስ ማን ነው? ባለቤቱን መጻፍ ካልቻላችሁ ወሬውን ገና አልያዛችሁትም። «ነን ባዮች» የሚለው ደግሞ ባለቤት ያለው ይመስላል እንጂ ንቀት ነው። ተዉት።

3. ትክክለኛውን ሰው ፈልጉ

በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የአጥቢያው ጉዳይ የአስተዳዳሪውና የሰበካ ጉባኤው ነው። ከዚያ በላይ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ሀገረ ስብከት፣ መንበረ ፓትርያርክ አለ። የጳጳሳት ሹመት፣ ውግዘትና ቀኖና ግን የቅዱስ ሲኖዶስ ነው። በሙስሊሙ በኩል የመስጂድ ኮሚቴ አለ፣ ከዚያ የወረዳው፣ የዞኑና የክልሉ መጅሊስ፣ ከላይ ጠቅላይ ምክር ቤቱ። በወንጌላውያን ዘንድ እያንዳንዱ ቤተ እምነት የራሱ አስተዳደር አለው። አንድ ፓስተር ተናገሩ ተብሎ «ፕሮቴስታንቶች እንዲህ አሉ» አይባልም። በቲክቶክ ብዙ ተከታይ ያለው ሰባኪ ወይም ኡስታዝም ስለ ተከታዩ ብዛት የተቋሙ ድምፅ አይሆንም።

የ2015ቱን አስታውሱ። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. በወሊሶ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ። ቅዱስ ሲኖዶስ ሹመቱን ሕገ ወጥ ብሎ አወገዛቸው። የካቲት 8 ቀን ስምምነት እስኪደረስ ድረስ አገሩ ተጨንቆ ሰነበተ። ሰው ሞተ። ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገደቡ። ያን ሰሞን ያለ ምንም ማብራሪያ «አዲሶቹ ጳጳሳት» ያለው ሚዲያ አንዱን ወገን መርጧል። በራሱ አፍ «ሕገ ወጡ ቡድን» ያለውም እንዲሁ። «ቅዱስ ሲኖዶስ ሕገ ወጥ ያለው ሹመት» ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር። ረዘም ይላል፤ ግን የተወሰነውን ነገር ከወሳኙ ጋር ያስቀምጣል።

ቦታውንም እንደ ሰው በስሙ ጥሩት። «በሰሜን ሸዋ ጥቃት ደረሰ» የሚል ርዕስ ለማንም አይጠቅምም። ሰሜን ሸዋ ሁለት ነው፦ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነ የአማራ ክልል ዞን፣ እና ዋና ከተማው ፍቼ የሆነ የኦሮሚያ ክልል ዞን። ደብረ ሊባኖስ ያለው በሁለተኛው ነው። ወረዳውንና ቀበሌውን ካልጻፋችሁ መሐል ሜዳ ያለች እናት አረርቲ ለሚሠራ ልጇ ስትደውል ታድራለች።

4. ደጃፉ ላይ

ይህን አብዛኛው የአገራችን ሰው ያውቀዋል፣ በአጭሩ ልለፈው። ከመቅረጻችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ከጥበቃው ሳይሆን ከአስተዳዳሪው ወይም ከኢማሙ። ጫማ የሚወለቅበትን አውልቁ። ሴት ዘጋቢ ነጠላ ወይም ሻሽ ቦርሳዋ ውስጥ ብትይዝ ይጠቅማታል። ቅዳሴ ላይ ማይክ ይዞ ሰው ማናገር አይሆንም፣ ከሠርሆተ ሕዝብ (ሕዝቡ ከሚሰናበትበት) በኋላ ጠብቁ። መስጂድ ውስጥ በሚሰግድ ሰው ፊት አታቋርጡ። በሴቶች መስገጃ በኩል ሴት ባልደረባ ትሂድ። የጥምቀት ዕለት ካህናቱን ቀድሞ ለመቅረጽ ሕዝቡን እየገፉ መሮጥ፣ ድሮን ከታቦት በላይ ማንዣበብ፣ ይህ ሁሉ ይቅር። ሕፃናትን፣ የቆሎ ተማሪን ወይም የመድረሳ ልጆችን ስትቀርጹ ከመምህራቸው ወይም ከወላጅ ፈቃድ ውሰዱ።

5. ጸበል ቦታ

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ሰላ ድንጋይ አቅራቢያ ጻድቃኔ ማርያም፣ ምንጃር ላይ ሸንኮራ ዮሐንስ ከመላ አገሪቱ ሰው የሚጎርፍባቸው ናቸው። የሚመጣው ሰው ታሟል፣ ጨንቆታል፣ የመጨረሻ ተስፋውን ይዟል። ከኤች አይ ቪ፣ ከካንሰር፣ ከአእምሮ ሕመም ጋር የሚታገል አለ። ሰው በሕይወቱ እጅግ ደካማ በሆነበት ሰዓት ነው ካሜራችን የሚያገኘው።

ማለዳ ላይ ሰልፉን ተመልከቱ። ቢጫ ጀሪካን የያዘች ሴት ትንቀጠቀጣለች። ጸበሉ ሲፈስባት ትጮኻለች፣ የማታውቀውን ትናገራለች፣ ልብሷ ሰውነቷ ላይ ተጣብቋል። ይህን ቪዲዮ የሚያዩት ብዙዎች እንደሚሆኑ ማንም ያውቃል። ከወር በኋላ ግን ሴትዮዋ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ቪዲዮውን ስልኩ ላይ አድርጎ ይጠብቃታል። እኔ ይህን ፈጽሞ አትቅረጹ እላለሁ። ፊት ማደብዘዝም አያድንም፤ ድምፅዋን የሚለይ፣ ነጠላዋን የሚያውቅ ዘመድ አለ።

ፈቃድ የሚጠየቀው ሰውዬው ተረጋግቶ፣ ደረቅ ልብስ ለብሶ፣ ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ ነው። ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንደሚወጣ፣ ዩቲዩብ ላይ ከወጣ ለዘለዓለም እንደሚኖር ንገሩት። «እሺ» ካለ በኋላም ስልካችሁን ስጡት። ማታ አስቦ ሐሳቡን ቢቀይር አውጡት። አስታማሚ ስለ ታማሚ ሊፈቅድ የሚችለው ለእንክብካቤ እንጂ ለዩቲዩብ አይደለም።

«ድኛለሁ» የሚለውንስ? ሰውዬው የሚለውን መዘገብ መብቱም ወጉም ነው። «ድኛለሁ ይላል» በሉ። «ዳነ» ለማለት ግን ከሕክምናው የወጣ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ በፊትና በኋላ የተደረገ ምርመራ፣ የታማሚው ፈቃድ፣ የሐኪም ማብራሪያ። በተለይ «መድኃኒቴን አቁሜ ነው የዳንኩት» የሚል ቃል ለብቻው አይውጣ። ሰምቶ የኤች አይ ቪ ወይም የስኳር መድኃኒቱን የሚጥል ሰው አለ። ይህን ማለት እምነትን መንካት ነው ለሚሏችሁም መልስ አላችሁ፦ የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው በ1999 ዓ.ም. ጸበሉና የኤች አይ ቪ መድኃኒቱ እንደማይጋጩ፣ ሁለቱንም መጠቀም እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ከጸበሉ ካህን አንድ ጥያቄ አይቅር፦ «አባታችን፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲመጣ ምን ይሉታል?» መልሳቸውን በዘገባው መጀመሪያ ላይ አስገቡት።

6. ማታ ላይ ወሬ ሲመጣ

አንድ ምሳሌ እንሥራ። ማታ 3 ሰዓት ላይ በቴሌግራም እንዲህ የሚል መጣላችሁ እንበል፦ «በእንትን ወረዳ መስጂድ ተቃጠለ! ያቃጠሉት ክርስቲያኖች ናቸው! ሼር አድርጉ!» ፎቶ አለው። ልብ ይመታል፣ እጅ ያሳክካል። እስክሪብቶ አንሡ።

መልእክቱን ቆራርጡት። አንድ፣ ቃጠሎ አለ? ሁለት፣ መንስኤው ምንድን ነው? ሦስት፣ ያቃጠለው ማን ነው? አራት፣ ይህ ፎቶ የዚያ ቦታ፣ የዚያ ሌሊት ነው? እያንዳንዱ የየራሱ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። የአንደኛው እውነት መሆን ሦስተኛውን እውነት አያደርገውም። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው፤ እሳቱን ስናረጋግጥ ተጠያቂውንም ያረጋገጥን ይመስለናል።

ከፎቶው ጀምሩ። ጎግል ሌንስ ላይ ጣሉትና ከዚህ በፊት ወጥቶ እንደሆነ እዩ። ከዚያ በዓይናችሁ መርምሩት። ወሩ ሐምሌ ሆኖ ሣሩ የደረቀ ነው? የሚናሬው ቅርጽ፣ የታፔላው ጽሑፍ፣ የሰዉ አለባበስ የዚያ ወረዳ ነው? ሌሊት ነው ተብሎ ፀሐይ ወጥታለች?

ከዚያ ስልክ። የመስጂዱን ኢማም ወይም የኮሚቴ አባል፣ በአቅራቢያው ሱቅ ያለው ሰው፣ የወረዳውን መጅሊስ፣ ወረዳ ፖሊስን፣ የአጎራባቹን ደብር አስተዳዳሪም ጭምር። እነዚህን ቁጥሮች በሰላሙ ጊዜ ሰብስቡ፤ በእሳት መሐል ቁጥር አይገኝም። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ፦ ምን አዩ? ራስዎ አይተው ነው ወይስ ሰምተው? ከማን ሰሙ? «ሰው ሁሉ የሚያወራው» የሚል መልስ ምንጭ አይደለም። አምስት ሰው ቢነግራችሁና አምስቱም ያንኑ ቴሌግራም አንብበው ከሆነ ያላችሁ ምንጭ አንድ ነው፤ እሱም ስም የለውም።

እሳቱ ከተረጋገጠና ሌላው ካልተረጋገጠ ርዕሱ ይህ ይሁን፦ «በ… ወረዳ … መስጂድ ላይ ቃጠሎ ደረሰ፤ ፖሊስ መንስኤውን እያጣራሁ ነው አለ»። ተጠያቂ አልተጻፈም፣ የተደበቀም ነገር የለም። ምንም ካልተረጋገጠ አታውጡ። ሌላው ገጽ ቢቀድማችሁ ይቅደም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ለምን ይህን ያህል? ወሬ ድንበር ስለማያውቅ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. በጎንደር በአንድ ሼክ ቀብር ላይ ግጭት ተነሥቶ ሰው ሞተ፣ ንብረት ወደመ። በቀናት ውስጥ ከጎንደር እጅግ ርቆ በስልጤ ዞን ወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። የወራቤ ጎረቤታሞች በጎንደሩ ነገር እጃቸው የለበትም። የደረሳቸው ወሬውና ምስሉ ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሆነ ጥፋትም አለ፣ እሱም ያሳስበኛል። ሰው በእምነቱ ምክንያት መጠቃቱ በማስረጃ ከተረጋገጠ በኋላ «በማይታወቁ አካላት መጠነኛ አለመግባባት» ብሎ ማለፍ የተጠቂውን ሐዘን መካድ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው «ለዘመናት በፍቅርና በመቻቻል የኖረው ሕዝባችን» የሚለው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ለተጎዳው ሰው ምንም አይነግረውም። አብሮ መኖርን ማሳየት ከፈለጋችሁ ዝርዝሩን አሳዩ። አንኮበር ደጋው ላይ፣ አልዩ አምባ ቆላው ላይ ናቸው፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በገበያ የተሳሰሩት ከነጋዴ ቅፍለት ዘመን ጀምሮ ነው። ዛሬ ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊም እንግዳ ለብቻ ይታረዳል፣ ለብቻ ይሠራል፣ ደስታው ግን አንድ ነው። ያን ድግስ ሂዱና ቅረጹ፣ ማን እንዳረደ፣ ማን እንደሠራ ጠይቁ። ያ ከመፈክር ይበልጣል።

7. ቁጥር

የሞተ ሰው ቁጥር ስትጽፉ ከነተናጋሪው ጻፉ። ፋሺስት ኢጣሊያ በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ መነኮሳቱንና ምእመናኑን ሲጨፈጭፍ ዲያቆናቱን ወደ ደብረ ብርሃን ወስዶ እዚያው አቅራቢያ ረሽኗል። የኢጣሊያው እንደራሴ ግራዚያኒ ለሮም ያሳወቀው ቁጥር በድምሩ 449 ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ የዓይን ምስክሮችን ያነጋገሩ ተመራማሪዎች ግምት ከ1,423 እስከ 2,033 ይደርሳል። ገዳዩ የሰጠውን ቁጥር ብቻ ይዞ የተቀመጠ ሰው ምን ያህል ሰው እንደሚያጣ ከዚህ ይታያል። ዛሬም ፖሊስ ያለውን፣ ሆስፒታሉ ያለውን፣ የቤተ እምነቱ ተቋም ያለውን ለየብቻ ጻፉ። አማካይ አታውጡ።

8. ቃላት

ሰዎች ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም ጥሯቸው። «ሙስሊም» እንጂ «እስላም» አይባልም። «ጴንጤ» በቀልድ በጓደኛሞች መሐል ይለመድ ይሆናል፣ ዜና ውስጥ ግን «ፕሮቴስታንት» ወይም «የወንጌላውያን ክርስቲያን»፣ ከተቻለም የቤተ እምነቱ ስም። «መናፍቅ»፣ «ካፊር»፣ «አረማዊ» የሚሉት ተናጋሪው ካላቸው በጥቅስ ምልክት ውስጥ ብቻ፣ እሱም ለዘገባው የግድ ካስፈለገ። «አክራሪ» የሚለውን በራሳችሁ አፍ አትበሉ፤ ሰውዬው ያደረገውን ጻፉ።

ማዕረግ በመጀመሪያው መጠሪያ ላይ በሙሉ ይጻፍ፦ ብፁዕ አቡነ፣ መልአከ ሰላም፣ ሼክ፣ ሃጂ፣ ፓስተር። ለአንዱ ማዕረግ ሰጥቶ ሌላውን «አቶ» ማለት አድልዎ ነው። ሞትም እንዲሁ። አንዱ «አረፉ»፣ ሌላው «ወደ አኼራ ሄዱ»፣ ሌላው «ወደ ጌታ ተሰበሰቡ» ይላል፣ ሁሉም በየቤቱ ያምራል። ዜናው ግን ለሁሉም «ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» ይበል።

የተጠርጣሪን ሃይማኖት የምትጽፉት ለወንጀሉ ምክንያት መሆኑ በማስረጃ ሲታይ ብቻ ነው። በግ የሰረቀ ሰው ሃይማኖቱ ዜና አይደለም።

9. ገንዘብ

ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ጸበል ጸዲቅ ብሉ። መስጂድ ሲመረቅ ሻይና ተምሩን ተቀበሉ። አልበላም ማለት በእኛ አገር ማስቀየም ነው። ፖስታውን ግን አትቀበሉ፣ «የትራንስፖርት ነው» ቢባልም። መኪና ሰጥተው የወሰዷችሁ ከሆነ በዘገባው ውስጥ ተናገሩት።

የሕንፃ ማሠሪያ መዋጮ ስታስተዋውቁ የባንክ ሒሳቡ በማን ስም እንደተከፈተ እዩ። በተቋሙ ስም ካልሆነ፣ ከሀገረ ስብከቱ ወይም ከመጅሊሱ ደብዳቤ ከሌለው አታውጡ። በግለሰብ ስም ያለ ሒሳብ ስታወጡ የእናንተን ስም ዋስ አድርጋችሁ ነው የምትሰጡት። የተከፈለበት ስብከት ወይም ማስታወቂያ ከሆነ ደግሞ «ማስታወቂያ» የሚለው ቃል ስክሪኑ ላይ ይታይ።

10. ሕጉ

ሕገ መንግሥቱን ከፍታችሁ ሦስት አንቀጽ አንብቡ። አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን፣ አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን፣ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽና የፕሬስ ነፃነትን ይደነግጋል። አንቀጽ 29 በመንግሥት ገንዘብ የሚሠሩ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ እንዳለባቸውም ይናገራል። በወረዳ ኮሙኒኬሽን የምትሠሩ ይህን ያዙት፤ አንድ እምነት ብቻ የሚያንጎራጉር የመንግሥት ገጽ ከዚህ ጋር ይጋጫል።

የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ስለ እርማትና መልስ የመስጠት መብት አለው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ሆን ብሎ በሃይማኖት ላይ ጥላቻ፣ መድልዎ ወይም ጥቃት መቀስቀስን ያስቀጣል። ለዜና ዘገባ፣ ለትንታኔና ለሃይማኖታዊ አስተምህሮ የተተወ ቦታ አለ፤ ሐሰተኛ መረጃን ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ማሰራጨት ግን ቅጣቱን ያከብደዋል። «እኔ ግለሰብ ነኝ» የሚል የፌስቡክ ገጽ ባለቤት ይህን ቁጥር ይመልከት።

11. ከወጣ በኋላ

ዘገባው የወጣ ዕለት ስልካችሁን ክፍት አድርጉ። ያናገራችኋቸውን ሰዎች መልሳችሁ ደውሉ፤ «አባ፣ ሰሙት? የተሳሳተ ነገር አለ?» በሉ። በዘገባው የተወቀሰ ተቋም መልስ ካለው ተመሳሳይ ቦታና ሰዓት ስጡት። ማስታወሻችሁንና የተቀዳውን ድምፅ አስቀምጡ።

ስሕተት ሲገኝ እርማቱ ይህን ይምሰል፦ «ትናንት ማታ ባወጣነው ዘገባ የደብሩ ንብረት የተሰረቀው በጎረቤት ቀበሌ ነዋሪዎች ነው ብለን ነበር። ይህ ስሕተት ነው። ፖሊስ ተጠርጣሪ ገና አለመያዙን አረጋግጧል። የቀበሌውን ነዋሪዎች ይቅርታ እንጠይቃለን።» ምን እንደተሳሳታችሁ፣ ትክክለኛው ምን እንደሆነ፣ ማን እንደተጎዳ በግልጽ። ሬዲዮ ከሆነ በዚያው ፕሮግራም በዚያው ሰዓት ይነበብ። ገጽ ከሆነ ከላይ ተሰክቶ ይቆይ። የድሮውን ልጥፍ ዝም ብሎ ማጥፋት እርማት አይደለም፤ ስክሪንሾቱ አስቀድሞ በየሰው ስልክ ገብቷል፣ እሱን ያየ ሰው እርማቱንም ማየት አለበት።